ማር የነካ አውራ ጣት

ያን ጊዜ ልጄ ሰባት ዓመቷ ነበር። በአማርኛ የምነግራት ሁሉ ይገባታል፤ የምትመልስልኝ ግን በጀርመንኛ ነው። «ጫማሽን አውልቂ» ስላት ታወልቃለች። «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ስላት ግን የዙሪኩን ጀርመንኛ ታዥጎደጉደዋለች፤ እኔም ግማሹን ይዤ ግማሹን ጥዬ «ጎሽ የኔ እናት» እላለሁ። ተረት ስነግራት መሳቂያው ቦታ ላይ ትስቃለች፤ ስለዚህ ገብቷታል ማለት ነው። ግን አንድ ቀን እንኳ «ከዚያስ?» ብላኝ አታውቅም። ተረት የሚያወራ ሰው ደግሞ ከምንም በላይ የሚርበው ይቺን ቃል ነው።

የምንኖረው ዙሪክ፣ አፎልተርን የሚባል ሰፈር ነው፤ የምሠራው ከከተማው ወጣ ብሎ ሽሊረን፣ የሆቴል አንሶላ የሚታጠብበት ቤት። ልጄ ከትምህርት በኋላ ሆርት ትቆያለች፤ ወላጆቻቸው ሥራ የሚውሉባቸው ልጆች የሚጠበቁበት ቦታ ነው። አባቷ እሷ ገና ስትድህ ሌላ አገር ሌላ ኑሮ ጀምሯል፤ ስለ እሱ ይሄ ይበቃል። አማርኛ የምትሰማው ከእኔ አፍ ብቻ ነው። የእኔ አፍ ደግሞ ቤት የሚደርሰው ደክሞት ነው።

ሴትዮዋን ያገኘኋት ጄኔቫ ትራም ውስጥ ነው። ለፓስፖርት ጉዳይ ሄደን ስንመለስ ልጄ ሽንቷ መጣና እግሯን አቆላልፋ ትወዛወዝ ጀመር። «ባቡር ጣቢያ እስክንደርስ ቻይ! ስንወጣ ሂጂ አላልኩሽም?» ብዬ ስቆጣ ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ።

«ኧረ ምነው እቴ! ሽንትም ይቆጡታል እንዴ?»

ዞር ስል በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ሻርፗን ወደ ኋላ የጣለች፣ ጥርሰ ፍንጭት ሴት ናት። «ቀጣዩ ፌርማታ ቤቴ ነው። ነይ እንውረድ፣ የኔ እመቤት» አለችና የልጄን እጅ ይዛ ወረደች። እኔን የጠየቀኝ የለም። ስለዚያ ወዳጅነት ሳስብ መጀመሪያ የሚታየኝ ይሄ ነው፤ እሷ የልጄን እጅ ይዛ ከፊት፣ እኔ ቦርሳ ተሸክሜ ከኋላ።

ቤቷ ካሩዥ የሚባል የጄኔቫ ሰፈር ነው፤ ከአንድ ጫማ ጠጋኝ ሱቅ በላይ አንድ ክፍልና አንዲት ጠባብ ወጥ ቤት። ወሎዬ ናት፣ ሙስሊም፣ ከኮምቦልቻ ወጣ ካለ መንደር የመጣች። ለአንድ ትምህርት ቤት ምግብ ትሠራለች። ልጄ ከመጸዳጃ ቤት ስትወጣ ቁጢጥ ብላ ተቀበለቻትና፣

«ከሐይቁ ውስጥ ወደ ሰማይ የሚዘለውን ውሃ አየሽው?» አለቻት።

ልጄ ራሷን ነቀነቀች።

«እሱ እኮ እናት ናት። ልጇ ማዶ ቀርቶባት፣ በእግሯ ጣት ቆማ እያየች ነው። ንፋስ ሲመጣ ያጎብጣታል፤ እሷ ግን አትቀመጥም።»

ልጄ አፏን ከፍታ ቆየችና «ከዚያስ?» አለች።

በአማርኛ። እኔ ቦርሳዬን ወለሉ ላይ አስቀመጥኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ስልኬ ዝም ብሎ አያውቅም። «አንቺ ተረተኛ፣ ተነሳሽ? ወይስ ዙሪክ ገና በረዶዋን እያራገፈች ነው?» ትለኛለች በጠዋት። «እናንተ ጄኔቮች ሥራ የላችሁም እንዴ?» እላታለሁ። በወር ሁለት እሑድ ወይ እኛ እንሄዳለን ወይ እሷ ትመጣለች። ከእኔ ጋር ስትሆን ወሬዋ ሁሉ ቀልድ ነው፤ ከልጄ ጋር ስትሆን ግን ድምፅዋን ዝቅ ታደርጋለች፤ ሁለቱ ብቻ የሚያውቁት አገር ያለ ይመስል። ልጄ «እታለም» ትላት ጀመር። እኔም የልጄን አማርኛ በሰው ቤት መስኮት እንደሚያይ ሰው እሰማ ነበር። ደስታ ነው፤ ግን ከውጭ።

እሷም ልጅ አላት። ስትሰደድ የሁለት ዓመት ሕፃን ለእህቷ ትታ ነው የወጣችው። አሁን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ለእናትየዋ የተሰጣት የመኖሪያ ፈቃድ ልጅ ለማምጣት አልበቃም፤ ስንት ጊዜ አመልክታ ስንት ጊዜ «ቆዪ» እንደተባለች ስትነግረኝ ጣቷን ታጥፍና መሃል ላይ ትተወዋለች። እሑድ እሑድ ትደውላለች። ልጅቱ እናት የምትለው አክስቷን ነው። «እኔን ምን እንደምትለኝ ታውቂያለሽ?» አለችኝ አንድ ቀን ሽንኩርት እየከተፈች። «የስልኳ ሴትዮ። ወላሂ! የስልኳ ሴትዮ ደወለች፣ ትላለች።» ሳቀች። ሽንኩርቱ ጠቀማት።

አንድ ቀን ሦስታችንም ትራም ላይ ሳለን ልጄ እሷ ጭን ላይ ተቀምጣ ነበር። አንዲት ባልቴት ፈገግ ብለው በፈረንሳይኛ የሆነ ነገር አሏት።

«ምን አሉሽ?» አልኳት።

«ልጅሽ ቁርጥ አንቺን ትመስላለች፣ አሉኝ።»

«አንቺስ ምን አልሻቸው?»

«መርሲ አልኳቸዋ! ምን ልበል?»

አብሬ ሳቅሁ። ያን ቀን አለመሳቅ ነበረብኝ።

ጥፋቱ ግን ከእኔ አፍ ነው የወጣው። በሚያዝያ እሑድ፣ ያቺው ጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ልጄ ጠረጴዛው ሥር አሻንጉሊት እያስተኛች፣ እኔ ተረት አመጣሁ። ልጅ ሆኜ አንዲት መካን ጎረቤታችን ስለ ጡት ልጅ ያወሩኝን ነው። «በእኛ አገር» አልኩ፣ «ልጅ ያልወለደች ሴት አውራ ጣቷን ማር ትቀባና የሰው ልጅ ታጠባዋለች። ልጁ ማሩን ከጠባ በቃ፣ ልጇ ነው። ደም ያላዛመደውን ማር ያዛምደዋል። ዳኛ አይፈታው፣ ቄስ አይፈታው፣ ሼክ አይፈታው።» አሳምሬ ነው ያወራሁት። እጄን እያወናጨፍኩ፣ ማሩ ከጣት ወደ ክንድ ሲወርድ እያሳየሁ።

እሷ ቢላዋዋን አስቀምጣ ነበር። «በእኛም አለ» አለች ቀስ ብላ። 

ክረምቱ መጣ፤ የእነሱ በጋ ማለቴ ነው። ሆርቱ ሦስት ሳምንት ተዘጋ፤ እኔ የተፈቀደልኝ ዕረፍት አንድ ሳምንት። የእሷ ትምህርት ቤት ደግሞ ዝግ ነው። «ስጪኝ» አለችኝ። «ሁለቱን ሳምንት እኔ ልያዛት። ምን ታስቢያለሽ?» ምንም አላሰብኩም። ልጄን ጄኔቫ አድርሼ፣ ባዶ እጄን ሦስት ሰዓት የሚጠጋ መንገድ በባቡር ተመለስኩ።

በየቀኑ ከሥራ ስወጣ እደውላለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ልጄ የምትነግረኝ አያልቅም። በሁለተኛው ሳምንት አጠረ። ሐሙስ ዕለት ስደውል አንስታ፣ ገና ሰላም ሳትለኝ «እማዬ!» ብላ ተጣራች።

እኔን «ማማ» ነው የምትለኝ፣ እንደ ክፍሏ ልጆች። ሰባት ዓመት ሙሉ እማዬ ተብዬ አላውቅም። አውቶቡስ መጠበቂያው ጋ ቆሜ፣ የአንሶላ ሳሙና የሸተተ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ «ወዬ! ወዬ የኔ ዓለም!» አልኩ።

 ከዚያ በጀርመንኛ፣ «አንቺን አይደለም፣ ማማ» አለችኝ።

ልወስዳት የነበረው እሑድ ነው። እኔ ግን በማግስቱ፣ ዓርብ፣ ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ። በሩን የከፈተችልኝ ልጄ ናት፤ ፀጉሯ ሹሩባ ተሠርቷል። እየዘለለች «ሁለት እናት አለኝ!» አለችኝ፤ ጥርት ባለ አማርኛ። «ከእታለም አውራ ጣት ማር ጠባሁ። ማር አይፈታም። ዳኛም አይፈታውም!»

የራሴ ቃል ነው። እጄን ያወናጨፍኩበት ሳይቀር አውቄዋለሁ።

ሴትዮዋ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማለች። «ስሚኝ እህቴ» አለች። «እሑድ ስላላገኘኋት ረቡዕ ብደውል፣ ልጄ ስልክ አላነሳም አለች። የስልኳን ሴትዮ አላናግርም ብላ ስትጮህ በጆሮዬ ሰማኋት። ያንቺዋ ደግሞ እዚህ አጠገቤ ማር ዳቦ እየበላች ነበር። እጄ ነው የሄደው። ወላሂ፣ እጄ ነው።»

«ሌባ ነሽ» አልኳት።

«አዎ» አለች። ይሄ ነው ያበገነኝ። ብትከራከረኝ ይሻለኝ ነበር።

የልጄን ልብስ ሰብስቤ ወጣሁ። ዙሪክ እስክንደርስ ልጄ በባቡሩ መስኮት እያየች አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ከዚያ በኋላ ስትናገር በጀርመንኛ ብቻ ሆነ። አማርኛውን ካሩዥ ትታው የመጣች መሰለኝ፤ እንደተረሳ ሹራብ። ሹሩባዋን ፈትቼ ፀጉሯን አጠብኩት። ማር ማር ይሸታል። ደግሜ አጠብኩት፤ ሠልሼ አጠብኩት፤ ይሸታል። አንሶላ አጥቦ የሚኖር ሰው ሽታ እንዴት እንደሚለቅ ያውቃል። ይሄ አልለቀቀም። ወይ እኔን ብቻ ነው የሸተተኝ፣ እንጃ።

የሴትዮዋን ቁጥር ዘጋሁት። ነሐሴ አለቀ፣ መስከረም አለቀ። ጠዋት ስልኬ ዝም ሲል «ዙሪክ በረዶዋን አራገፈች?» የሚለኝ ሰው ናፈቀኝ። ማን ያምናል? የሰረቀችኝ ሴት ናፈቀችኝ። ልጄን አጠገቤ አስቀምጬ ልጄም ናፈቀችኝ። ተረት ስጀምርላት ትራሷን ታቅፋ ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች።

ማታ እዚያ ግድግዳ አጠገብ ሳይሆን፣ በቀን፣ ሥራ ቦታ፣ አንሶላ ለሁለት ሆነን ስናጣጥፍ ነው ነገሩ ትዝ ያለኝ። አንዷ ሁለቱን ጫፍ ይዛ ትመጣለች፣ ሌላዋ ትቀበላለች። እኚያ ጎረቤታችን ያወሩኝ ተረት እኮ ሌላ ነገርም ነበረው! እናትየዋ ራሷ ልጇን አቅፋ ታመጣለች፤ በገዛ እጇ ሌላዋ ጭን ላይ ታስቀምጣለች፤ ያኔ ነው ማሩ የሚመጣው። ያለዚያ ማሩ ማር ብቻ ነው። ይህችን ቦታ ሳወራ ሁልጊዜ እዘላታለሁ። ልጇን የምትሰጥ እናት ተረቴን ታከብድብኛለች፤ ያለ እሷ ይጣፍጣል።

ማታ እየሮጥኩ ገባሁና፣ ልጄን «ስሚ፣ ያ ማር አልያዘም» አልኳት። «አንድ ነገር ጎድሎታል።» ልፈታው ነበር ያሰብኩት። ነፃ ላወጣት፣ ወይ ራሴን።

ከግድግዳው ዞረች። «ምን ጎደለው?» አለች። በአማርኛ፤ ከሁለት ወር በኋላ።

«እናትየዋ። ልጇን አቅፋ የምትሰጠው እናትየዋ ናት። እኔ እዚያ አልነበርኩም።»

ተነስታ ተቀመጠች። «ታዲያ እንሂዳ» አለች።

ልፈታበት ያመጣሁትን ገመድ እሷ መቋጠሪያ አደረገችው። «አይሆንም» ልላት አፌን ከፈትኩ። ፊቷን መልሳ ወደ ግድግዳው ብታዞርስ ብዬ ፈራሁ። እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ ፍርሃቴ ብቻም አልነበረም።

እሑድ ሄድን። ሳንደውል። በሩን ስትከፍት ስልክ በእጇ ነው፤ የመደወያ ቀኗ ነው። ከስታለች። እኔን አየች፣ ልጄን አየች፣ ሻርፗን ሳበች። «ግቡ» ብቻ አለች። ስልኩ ላይ የሚታየው የቤት ጣሪያ ነው፤ ማዶ ያለችው ልጅ ፊቷን ላለማሳየት ወደ ላይ አዙራዋለች።

«እያኮረፈችብኝ ነው» አለችኝ በሹክሹክታ። «አክስቷ አስገድዳ ነው ያስቀመጠቻት። ልዘጋው ነበር።»

«ቆይ አትዝጊው። ወዲህ በይው» አልኳት።

ስልኩን ተቀበልኩና ለጣሪያው ማውራት ጀመርኩ። «አንቺ ልጅ፣ እኔን አታውቂኝም። እዚህ አገር አንድ ሐይቅ አለ። ሐይቁ ውስጥ አንዲት እናት ቆማለች፤ ሰው ሁሉ ውሃ ትመስለዋለች። ቆማ የምታየው ወዴት ይመስልሻል? ወደ ኮምቦልቻ ነው። ያውም በእግሯ ጣት! ንፋስ ያጎብጣታል፤ ሰዉ ጃንጥላ ይዘረጋል፣ ፎቶ ያነሳል። እሷ ግን አትቀመጥም። ለምን እንደማትቀመጥ ታውቂያለሽ?» እዚህ ላይ አቆምኩ። ተረት የት እንደሚቆም አውቃለሁ፤ ሌላ የተማርኩት ነገር የለም።

 ጣሪያው ተንቀሳቀሰ፤ ግንባር ታየ፣ አንድ ዓይን ታየ።

«ከዚያስ?» አለ ቀጭን ድምፅ።

«የቀረውን የምታውቀው እናትሽ ናት» አልኩና ስልኩን ሰጠኋት።

አልቻለችም መጀመሪያ። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብላ አፏን በሻርፗ ያዘች። ከዚያ ያንን ለልጄ የምታወራበትን ዝቅ ያለ ድምፅ አመጣችው፤ «ከዚያማ…» አለች። ልጄ ቀሚሴን ጎተተችኝ። ስለ ማር ማንም አላነሳም፤ ቤቱ ውስጥም አልነበረም። ብድግ አድርጌ አቀፍኳት። ከብዳለች፤ መቼ እንደከበደች አላውቅም። ከእኔ እስከ ሴትዮዋ ሁለት እርምጃ ነው። ተራመድኩና፣ በገዛ እጄ፣ ጭኗ ላይ አስቀመጥኳት።

ከዚያ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ሴትዮዋ በአንድ ክንዷ ልጄን ይዛ፣ በሌላው እጇ ስልኩን ይዛ ለልጇ እያወራች ነው። ልጄ እየሰማች ቆየችና፣ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ሁለት እግሯን ዘርግታ ጉልበቴ ላይ ጫነችው።

«እማዬ» አለችኝ፤ ዓይን ዓይኔን እያየች። «ጫማዬን አውልቂልኝ።»

ማሰሪያውን መፍታት ጀመርኩ። አልቸኮልኩም።