በየነችና ሁለት ጣሳ ውሃ

በየነች ሸኮ አጠገብ በሚገኝ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ ማድረቅ ነበር። የታጠበውን ቡና በሽቦ በተሠራው የማድረቂያ አልጋ ላይ ትዘረጋለች፣ ታገላብጣለች፣ ዝናብ ሲመጣ ሮጣ ትሸፍናለች። እፍኝ አንስታ ጨበጥ ታደርግና «ይሄ ሁለት ቀን ይቀረዋል» ትላለች፤ ኃላፊው በመለኪያ ሲያየው እሷ ያለችው ይሆናል። ጣቢያው የተዘጋው ባሏ በሞተ በሦስተኛው ዓመት ነው። ሁለት ልጆቿን ይዛ ሚዛን ከተማ ገባችና ኮሶኮል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራየች።

ሥራ ያገኘችው ሙስዓብ ዘንድ ነው። አባቱ ከጅማ መጥተው ሚዛን ሱቅ የከፈቱ ነጋዴ ናቸው። ልጁ ፋርማሲ ተምሮ፣ አዲስ አበባ የመድኃኒት ፋብሪካ ውስጥ ጥቂት ዓመት ሠርቶ ተመለሰ። ከከተማው ዳር አንድ አሮጌ የቡና መጋዘን ተከራይቶ አነስተኛ ማምረቻ አቋቋመ። ሊያመርት ያሰበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሆድ ትል ክኒን።

«ያለው ክኒን ሆድ ውስጥ በደንብ አይሟሟም» ይል ነበር ለሚጎበኘው እንግዳ ሁሉ። «ብዙው እንደገባ ይወጣል።» እሱ ግን መድኃኒቱን ከሌላ ጎምዛዛ ነገር ጋር አጣምሮ አንድ ክሪስታል አድርጎታል። ኮክሪስታል ይለዋል። ሁለቱ እስከተጣመሩ ድረስ ክኒኑ ቶሎ ይሟሟል።

በየነች ከጓዳ ሆና ይህን ስትሰማ ደስ ይላት ነበር። ሸኮ ዙሪያ በየዓመቱ ክኒን እየታደላቸው በየዓመቱ ሆዳቸው የሚነፋ ብዙ ልጆች ታውቃለች።

ከጌጫ የመጣች ማራናታ የምትባል የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት የመድኃኒቱንና የጎምዛዛውን ዱቄት በልኩ እየመዘነች ታስረክባለች። በየነች ማቡኪያው ማሽን ውስጥ ትጨምረውና የተለካውን አልኮል በትንሽ በትንሹ ታፈስበታለች። ሲጨብጡት የሚያያዝ፣ ሲጫኑት የሚፈረፈር ሊጥ ሲሆን ታቆማለች። ከዚያ ሊጡ በወንፊት ይታሻል፤ ፍርፋሪው ማድረቂያ ውስጥ ይገባል፤ በመጨረሻ መምቻው ማሽን ጨፍልቆ ክኒን ያደርገዋል።

«ከአልኮሉ ሌላ ምንም አይጨመርም» አላት ሙስዓብ በመጀመሪያው ቀን። ለምን እንደሆነ አልነገራትም። ንቋት አይደለም፤ ያን ዕለት መብራት ገና መምጣቱ ስለነበር ሁሉም ይሯሯጥ ነበር።

ፈቃድ ለማግኘት ሦስት ተከታታይ ባች፣ ማለትም ሦስት ዙር ምርት፣ ያለ እንከን መውጣት ነበረበት። የመጀመሪያው አለፈ። ሁለተኛው ሲያልፍ ሙስዓብ ለሁሉም ለስላሳ ጋበዘ፤ በየነች የእሷን ሳትከፍት ለልጆቿ ወሰደችው።

ሦስተኛውን የሠሩት የካቲት ውስጥ ነው። ሙስዓብ ለማድረቂያው መለዋወጫ ፍለጋ ጅማ ሄዷል። ማቡካቱ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ጠፋ። የቆርቆሮው ጣሪያ ሙቀቱን ቁልቁል ያወርደዋል። በየነች ክዳኑን ዘግታ ጠበቀች። ከሦስት ሰዓት በኋላ መብራት መጥቶ ስትከፍተው አልኮሉ በክዳኑ ጠርዝ ተንኖ ሊጡ አሸዋ ሆኗል። ጀሪካኑ ውስጥ የቀረችውን አልኮል ጨመረች፤ አልበቃም። ሙስዓብ ጋ ደወለች፤ መስመር የለም።

እንዲሁ ቢያድር እንደሚበላሽ ገመተች። ዕቃ ማጠቢያው ክፍል የተጣራ ውሃ ነበር። ሁለት ጣሳ ቀድታ ቀስ እያለች አፈሰሰችበት። ሊጡ እሺ አላት። እንዲያውም ከበፊቶቹ የተሻለ መሰላት። የወጣው ክኒን ለስላሳ፣ ጠርዙ የማይሸራረፍ ነበር። ሙስዓብ ተመልሶ እፍኝ አንስቶ አየና «እትዬ በየነች፣ ይሄስ ከሁሉም በለጠ!» አላት። ስለ ውሃው ልትነግረው አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ደስታውን አይታ ለሌላ ቀን ተወችው።

ናሙናው የተላከበት የአዲስ አበባ ላብራቶሪ ውጤት የመጣው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ክኒኑ አይሟሟም። ሙስዓብ ማሽኑን ፈታታ፣ ማድረቂያውን መረመረ፣ ዱቄቱን ለላኩለት ሰዎች የቁጣ ደብዳቤ ጻፈ። በመጨረሻ ሁለቱን ሴቶች ጠራቸው።

«ክሪስታሉ ተለያይቷል» አለ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ። «መድኃኒቱ ለብቻው፣ ጎምዛዛው ለብቻው። እንዲህ የሚሆነው ወይ የሁለቱ ልክ ከተሳሳተ፣ ወይ ውሃ ከገባ ነው። ጎምዛዛው ውሃ ካገኘ ቀድሞ ይሟሟና መድኃኒቱን ጥሎት ይሄዳል። እኛ ጋ ደግሞ ውሃ አይነካም።» ወደ ማራናታ ዞረ። «ስለዚህ ልኩ ነው።»

«እኔ በትክክል ነው የመዘንኩት» አለች ማራናታ። ወደ በየነች አየት አድርጋ ወደ ሚዛኗ ተመለሰች።

በየነች ስለ ውሃው ሳትናገር ማጠቢያው ክፍል ገብታ ዕቃ ማጠብ ጀመረች። በማግስቱ ማራናታ ተሰናበተች። በየነች አሞኛል ብላ ሁለት ቀን ተኛች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተነስታ ሄደች።

«ሙስዓብ ልጄ፣ ውሃ ጨምሬበታለሁ።»

«ምን አሉ?»

«ሁለት ጣሳ። መብራት የጠፋ ዕለት። ደርቆ ነበር።»

ሙስዓብ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የላብራቶሪውን ወረቀት አንስቶ አጠፈው። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

«እንደተመለስኩ ለምን አልነገሩኝም?»

«ደስ ብሎህ ነበር።»

«ለእንግዳው ሁሉ ሳወራ» አለ፣ «ለሚያቦካው ሰው ምክንያቱን አልተናገርኩም።»

ማራናታ ጋ ደወለ፤ ስልኳ ዝግ ነበር።

እንደገና እንዳይሞክሩ ዱቄቱ አልቋል። ከውጭ ለማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ተራ መጠበቅ ነበረበት፤ ተራው ሳይደርስ ለፈቃዱ የተሰጠው የሙከራ ጊዜ አለፈና ከሀ ጀምር ተባለ። ሙስዓብ እስከ ጥቅምት ታገለ። ከዚያ መጋዘኑን ለባለቤቱ መልሶ እንደገና ተቀጣሪ ለመሆን አዲስ አበባ ሄደ። የሦስተኛው ባች ክኒን ከከተማው ውጭ ተቃጠለ፤ ስድስት ካርቶን ነበር፤ እሳቱ ላይ የደፋችው በየነች ናት። ከዚያ ወዲያ ልጆቿን ይዛ ሸኮ ተመለሰች፤ የሰው ቡና እየለቀመች ትኖር ጀመር።

ማራናታ ቴፒ እንዳለች የሰማችው በታኅሣሥ ነው። ሄደች። ሳሙናና የሞባይል ካርድ የሚሸጥባት ጠባብ ኪዮስክ ውስጥ አገኘቻት።

«አንቺ ላይ የወደቀው የኔ ጥፋት ነው» አለቻት ደጅ ቆማ። «ውሃ የጨመርኩት እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች ማራናታ። «ያን ዕለት ሲጨምሩ በመስኮት አይቼዎታለሁ። ምንም አልመሰለኝም ነበር። ሙስዓብ ሲያስረዳን ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ይናገራሉ ብዬ ጠበቅሁዎት።»

«ነገርኩት እኮ! በሦስተኛው ቀን ነገርኩት።»

«እኔ በማግስቱ ነዋ የሄድኩት።»

በየነች ይቅር በይኝ ብላ ለመነቻት። ማራናታ አልተቆጣችም፤ ይቅር ብያለሁም አላለችም። ደንበኛ መጥቶ ሳሙና ሲጠይቃት ወደ እሱ ዞረች። እሱ ሲሄድ ሌላ መጣ።

በየነች መናኸሪያ ሄዳ የሸኮ መኪና ጠበቀች። መኪናው ካልሞላ አልሄድም ብሎ እስከ አሥር ሰዓት እዚያው ቆየች። ቤት ስትደርስ ልጆቿ የት እንደዋለች ጠየቋት። «ዘመድ ልጠይቅ ሄጄ ነው» አለቻቸው።