ድንጋይ ያልቆመለት ልጅ

ካፒቴን ሄስኬት ጀልባው ላይ የተሳፈረውን ሰው ዞሮ እያየ አይቆጥርም። ይህን የደሴታችን የካሪያኩ ሰው ሁሉ ያውቃል፤ የሚቀልድበትም አለ። ባሕር ውስጥ ሊጠልቁ የወሰዳቸው እንግዶች ወጥተው መሰላሉን ሲወጡ እሱ ጀርባውን ሰጥቷቸው ሞተሩን እንደያዘ ነው፤ አለዚያ ማዕበሉ ጀልባዋን ከድንጋይ ጋር ያላትምበታል። ታዲያ አንድ ሰው በወጣ ቁጥር ጀልባዋ ዘንበል ትላለች፣ እሱም ይቆጥራል። «ዓይን ይሸወዳል፣ መቀመጫዬ ግን አይሸወድም» ይል ነበር፤ ይቅርታ ይደረግልኝና። ዕድሜ ልኩን በዚህ ተሳስቶ አያውቅም።

ልጁ ግሌንሮይ በሕይወት ሳለ እንግዶቹን እየመራ የሚጠልቀው እሱ ነበር። መሰላል የሚባል ነገር አይወድም። ሁሉም ከወጡ በኋላ በግራ በኩል፣ አባቱ አጠገብ፣ የጀልባዋን ጠርዝ በመዳፉ ጠፍ ያደርግና ዘሎ ይገባል። ሄስኬትም ያንን ሲሰማ ሞተሩን ያስነሳል። ከአራት ዓመት በፊት፣ በፋሲካ ማግስት፣ ጥቁር ጥርስ ከምንለው ቋጥኝ ሥር መልሕቅ ተሰንቅሮባቸው ግሌንሮይ ሊያላቅቀው ብቻውን ወረደ። በዚያው ቀረ። የደሴቱ ጀልባ ሁሉ ወጥቶ ፈለገው፤ የዋና ጫማው እንኳ አልተገኘም።

እኛ ዘንድ ሙት የሚያርፈው የተቀበረ ዕለት ሳይሆን የመቃብር ድንጋዩ የቆመለት ዕለት ነው። እስከዚያ ድረስ በሕልም እየመጣ ራበኝ ይላል፤ ቤተሰቡም ጨው ያልገባበት ምግብ ሠርቶ ጓዳ ያስቀምጥና በሩን ይዘጋለታል። የሄስኬት ሚስት ኢያንቴም ለልጇ የበቆሎ ገንፎ እያድቦለቦለች፣ ከጎኑ ዓሣ እያኖረች፣ ጓዳ ስታስቀምጥለት ኖረች። ድንጋይ እናቁምለት ብላ የለመነችው ለቁጥር ያታክታል። እሱ እቴ! ሬሳ ሳይገኝ ምን የሚሉት ድንጋይ ነው ብሎ ተቆጣ፤ መርከብ አንስቶት ቢሆንስ፣ ሌላ አገር ታሞ ተኝቶ ቢሆንስ አላት። ወደ ጓዳውም ዝር ብሎ አያውቅም። ውሃ የወሰደው ያገኘውን ይጨብጣል ይባላል፤ ውሃ የወሰደበትም ያው ነው። እርሙን አላወጣም፣ በቃ።

ጥቁር ጥርስንም ከዚያ ወዲህ አልረገጠውም። እንግዶች ሲጠይቁት ውሃው ይጎትታል ይልና ወደ ሌላ ቦታ ይወስዳቸዋል። ዘንድሮ ግን ከሆላንድ የመጡ ወዳጃሞች፣ በዓመት አንዴ ተሰባስበው የሚጠልቁ፣ ዕረፍታቸውን ሊያሳልፉ እኛ ዘንድ ሰነበቱ። ሳቂታዎች ናቸው፤ ሲበሉም ሲጫወቱም ለጉድ ነው። ዝናቡ ባሕሩን አደፍርሶት ኖሮ በየሄዱበት ከጭቃ በቀር ምንም አላዩም። የሚመራቸው የግሌንሮይ ጓደኛ የነበረችው ቬርና ናት። እሷም አፍራ፣ ውሃው የጠራው ጥቁር ጥርስ ዘንድ ብቻ ነውና እባክዎ አጎቴ ብላ ለመነችው። ሄስኬት ያን ዕለት ጎሕ ሲቀድ ግሌንሮይን በሕልሙ አይቶት ነበር፤ ጠጉሩ ውሃ ያንጠባጥባል፣ አባቱን ትክ ብሎ ያያል እንጂ አይናገርም። ለኢያንቴ አልነገራትም። ብትሰማ የድንጋዩን ነገር ታነሳበታለቻ።

እሺ አለና ሄዱ።

ሰዎቹ ወረዱ። ሄስኬት ብቻውን ቀርቶ ከሥር እየፈላ የሚወጣውን የትንፋሻቸውን አረፋ ሲመለከት ቆየ። በዚያን ዕለትም እንዲሁ ተመልክቶ ነበር፤ አረፋው ሳስቶ ሳስቶ ድርግም እስኪል። ባሕሩ ጸጥ ቢልም ቋጥኙ ሥር ውሃው እየገባ ሲወጣ ሰው የሚተነፍስ ይመስላል። ምነው ባልመጣሁ አለ በሆዱ።

ወዲያው ጠላቂዎቹ መውጣት ጀመሩ። አንዱን ሰውዬ አጥወልውሎት እያስታወከ ስለነበር ቬርና እሱን ደግፋ አስገባችና ከአጠገቡ ሳትነሳ ቀረች። ሌሎቹ በየተራ መሰላሉን ወጡ። ጀልባዋ ዘንበል ትላለች፣ ሄስኬት ይቆጥራል። አንድ ሰው ሲቀረው በግራ በኩል፣ እዚያው አጠገቡ፣ ጠርዙ ጠፍ አለ። ጀልባዋም ወደ ግራ ዘንበል ብላ ተመለሰች።

ሄስኬት አልዞረም። ቢዞር የሚያጣው መሰለው፤ ካልዞረ ግን እዚያው ከኋላው አለ። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣበት ማን ነው ወንዱ የሚዞር? እኔም አልዞርም ነበር። ቬርና ከታማሚው ቀና ብላ ሞሉ ወይ ብትለው «ሞሉ» አለ። ድምፁ ውስጥ ደስታ ነበረበት፤ ያስገረማት ያ ደስታ እንደሆነ ቬርና በኋላ ነግራናለች። ሞተሩን አስነሳ።

እያፏጨ ነዳ። አራት ዓመት ሙሉ ሲያፏጭ የሰማው የለም። ቋጥኙ ከኋላቸው ራቅ ካለ በኋላ ከሆላንዶቹ አንዷ ብርቱካን ልጣ ለጓደኞቿ ስታካፍል ማርግሪት የታለች አለች። ከፊት፣ ጥላው ሥር ናት አሉ። ጥላው ሥር ያለው ግን የአየር ሲሊንደርና እርጥብ ፎጣ ብቻ ነው። ሳቁ ሁሉ ባንድ ጊዜ ቆመ።

ሄስኬት ያኔ ዞረ። በግራ በኩል፣ አጠገቡ ያለው ወለል ደረቅ ነበር፤ ጠብታ እንኳ የለበትም። ክው አለ። ከዚያ ጀልባዋን እስክትንገጫገጭ አዙሮ ወደ ጥቁር ጥርስ ነዳት።

እዚያ ሲደርሱ ቋጥኙ ሥር ማንም የለም። ሆላንዶቹ ስሟን እየተጣሩ ያለቅሳሉ። ሄስኬት አልተጣራም። ሌላ እናት፣ ሌላ አባት፣ ልጃቸው በማያውቁት አገር ባሕር የቀረችባቸው፣ እነሱም መርከብ አንስቷት ይሆናል እያሉ በር በሩን ሲያዩ ይኖራሉ የሚለው ሐሳብ አንጀቱን ይበላዋል። ያንን ኑሮ ያውቀዋል። በጠላቱ ላይ እንኳ አይመኘውም። ሞተሩን አጥፍቶ ጀልባዋን ለውሃው ለቀቃት፤ ውሃው ማርግሪትን ወደወሰደበት እነሱንም ይወስዳቸዋል ብሎ ነው። ለግሌንሮይም እንዲሁ አድርጎ ነበር፤ ያኔ ውሃው የወሰደው ወደ ባዶ ነው።

አሁን ግን ቬርና ድንገት ቀጥ ብላ ቆመችና ጣቷን ወደ ሰፊው ባሕር ዘረጋች። እዚያ፣ ማዕበሉ ከፍ ሲል ብቻ የሚታይ ራስ አለ።

ሄስኬት ራሱ ጎንበስ ብሎ በብብቷ ይዞ አወጣት። ከንፈሯ ጠቁሯል። ክንዱን ጨብጣ አልለቅም አለች፤ ጥፍሯ የተሰካበት ቦታ ደም ቋጠረ።

«ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁ» አለችው። «እየጮህኩ እኮ ነበር። ዞር ብትል ታየኝ ነበር። ምነው ዞር ብትል?»

«ሌላ ሰው ቆጥሬ ነው» አላት።

ማርግሪት አልገባትም። ቬርና ግን ገባት፣ ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። ወደብ ደርሰው ከጀልባ ሲወርዱ ቬርና ክንዱን ያዝ አድርጋ «አጎቴ፣ እኔም ስወርድ እፈልገዋለሁ እኮ» አለችው በቀስታ። «ግን የለም።»

ቤት ሲደርስ ኢያንቴ ግቢ ውስጥ ዓሣ ታጸዳለች። ወሬው ቀድሞት ደርሷል፤ እኛ አገር ወሬ ከጀልባ ይፈጥናል። ቢላዋዋን አስቀምጣ ተነስታ መቀመጫ አቀረበችለት። እሱ ግን አልቀመጥም ብሎ ቆሞ ነገራት፤ ጠርዙ ጠፍ ማለቱን፣ ሳይዞር መቅረቱን፣ የሴትዮዋን ጥፍር። በመጨረሻ፣ ድንጋዩን እናሠራ አለ።

ኢያንቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወደ ጓዳ ገባች። እሱም ለመጀመሪያ ጊዜ ተከትሏት ገባ። ትንሿ ጠረጴዛ ላይ ሳህን አለ፣ የቀዘቀዘ ገንፎ አለበት። ከጠረጴዛው ሥር በሸራ የተጠቀለለ ነገር ተጋድሟል። ተንበርክካ ሸራውን ገለጠችው።

ድንጋይ ነው። የልጁ ስም ከነአባቱ ተጽፎበታል፣ የተወለደበትም ቀን አለ።

«መቼ አሠራሽው?» አላት።

«ገና በዓመቱ። በጀርባ በር አስገባሁት፤ አንተ እዚህ አትገባም።»

ሄስኬት ጎንበስ ብሎ ፊደሎቹን በጣቱ ዳሰሰ። ከተወለደበት ቀን በታች ድንጋዩ ልሙጥ ነው፣ ምንም አልተጻፈበትም።

«ይኼስ?»

«እሱን እኔ አልልም አልኩ» አለች። «ሁለታችን ሳንስማማ እንዴት ልጄን ልግደለው? አንተ እስክትለው ጠበቅሁ። ጠራቢውን ነገ ልጥራው? ምን ብሎ ይጻፍ?»

እጁን ልሙጡ ላይ አሳረፈ።

«በፋሲካ ማግስት» አለ። «ሰኞ ጠዋት። ግሌንሮይ የዚያን ዕለት ሞተ።»

ኢያንቴ አጠገቡ መሬት ላይ ተቀመጠችና ራሱን ይዛ ወደ ደረቷ ሳበችው።

«እንግዲህ አልቅስ» አለችው።