ቀለበትዎን ያውልቁ

ክፍሉ ቀድሞ የገብስ መጋዘን ነበር። ጥግ ላይ ሚዛን የቆመበት ቦታ አራት የእግር ምልክት ቀርቶበታል፤ በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ገብስ አለ። የመጀመሪያውን ቀን ያን ፍሬ በጥፍሬ እየፈለቀቅሁ አሳለፍሁት። ሴት እስረኛ እኔ ብቻ ስለነበርሁ ለብቻዬ አስገቡኝ። ከወንዶቹ ክፍል የሚለየኝ አንድ ቆርቆሮ ነው። በቆርቆሮው ማዶ አብረውኝ የተያዙትን ሽማግሌ ሳል እሰማለሁ።

ሁለታችንን የያዙን ማረሻ ስናጠነክር ነው። እኔ የቴክኒክና ሙያ አስተማሪ ነኝ። አንደኛ ክፍል የገባሁት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ዘግይቶ የተማረ ሰው ያወቀውን ነገር ሳያዛንፍ ማወቅ ይወዳል። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ወናፍ ሲነፉ ደረታቸው ያለቀ ብረት ቀጥቃጭ ናቸው። ከሰሉና ጭሱ ይቅርላቸው ብዬ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማጋያ ሠራሁላቸው። ነገሩ የመዳብ ቱቦ ጥምዝ ነው። በጥምዙ ውስጥ ኤሌክትሪኩ ቶሎ ቶሎ አቅጣጫውን ሲለዋውጥ፣ መሐሉ የገባ ብረት ምንም ሳይነካው በራሱ ይግላል። እሳት የለ፣ ጭስ የለ። የማረሻውን ጫፍ ብቻ አግሎ ውኃ ውስጥ መንከር ይቻላል። ጫፉ ይጠነክራል፣ ሌላው እንደለሰለሰ ይቀራል፤ ድንጋይ ሲመታ አይሰበርም።

ከቀየት ገበያ ሲመለስ ጎራ ያለ ገበሬ፣ ብረቱ ያለ ከሰል ሲቀላ አየ። በማግስቱ አገሩ ሁሉ ያቀላው የሽማግሌው ዐይን ነው አለ። ወሬው ሕግ ቦታ ሲደርስ ደግሞ ጠመንጃ መሥሪያ ሆኖ ነበር።

መርማሪው በየቀኑ አንድ ወረቀት ይዞ ይመጣል። ማሽኑ የሽማግሌው ነው፣ ጠመንጃ ይጠግኑበታል ይላል ወረቀቱ።

«ፈርሚና ነገ ክፍልሽ ገብተሽ አስተምሪ፤» ይለኛል። «እሳቸው እንደሆን ዛሬም ነገም ሟች ናቸው።»

የመንዝ ብርድ ከሲሚንቶ ሲነሳ ከአጥንት ይጀምራል። በዘጠነኛው ቀን ጧት ለመፈረም ቆርጬ ነበር። ሳላቸው ለጥቂት ጊዜ ሲቋረጥ፣ ምነው በዚያው በቀረ ብዬ ተመኘሁ። ከሞቱማ ፊርማዬ ማንን ይጎዳል?

በዚያው ቀን ቀትር ላይ መርማሪው ጓሮ አስወጣኝ። ማሽኑን ከጄኔሬተር ጋር አገናኝተውታል። ሽማግሌውን ድንጋይ ላይ አስቀምጠዋቸዋል። ጠባቂው ዐይናቸውን ፈርቶ፣ ጀርባውን ሰጥቷቸው ምሳውን ይበላል።

«ልጄ፣ እኔ እኮ በጀርባም አያለሁ፤» አሉት።

ጠባቂው ምሳውን ከደነ።

«በይ አሳዪኝ፤» አለኝ መርማሪው።

አበራሁት። ድምፁ የንብ ቀፎ ይመስላል።

«የታለ እሳቱ?»

«እሳት የለውም።»

«ዘጠኝ ቀን የተጨቃጨቅነው በዚህ መጫወቻ ነው?» ብሎ ጣቱን ቀስሮ ወደ ጥምዙ መሐል ሰደደ። ጣቱ ላይ ወፍራም የብረት ቀለበት ነበር።

አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም አልሁ። መዳቡ አይቀላም፤ ዐይንን የሚያስጠነቅቅ ምንም ነገር የለም። ቀለበቱ ጣቱ ላይ እንዳለ ይግላል፤ አውልቄ ልጣለው ቢል ጊዜ አይሰጠውም።

«ቀለበትዎን ያውልቁ!»

በዘጠኝ ቀን ውስጥ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ያኔ ብቻ ነው። እጁን ሰብሰብ አደረገ።

«ቀለበቴ አማራት!» ብሎ ወደ ጠባቂው ዞሮ ሳቀ።

ምስማር በጉጠት ይዤ ጥምዙ ውስጥ አስገባሁ። እስከ አሥር ሳይቆጠር ቀላ። መርማሪው ምስማሩን አየ፣ ከዚያ ጣቱን አየ። ሳቁ ቆመ። ቀለበቱን እያዞረ ብዙ ቆየ። ከዚያ ተቀምጦ አዲስ ወረቀት ጻፈና ሰጠኝ።

ሦስት ዓረፍተ ነገር ነው። መሣሪያው ጠመንጃ መጠገኛ ነው። ሰው ሊጎዳ እንደሚችል ሠሪዋ በራሷ አንደበት አምናለች። ሽማግሌው አሠራሩን አያውቁም።

«ከፈረምሽ እሳቸው አሁኑኑ ይሄዳሉ፤ አንቺ ትቆያለሽ፤» አለ። ወረቀቱንም ጮክ ብሎ አነበበው።

«እኔ ነኝ የማላውቀው?» ሽማግሌው ከድንጋዩ ተነሡ። «የማረሻ ቀለም እኔ ነኝ የማላውቀው?»

«አባባ፣ በእመቤቴ ይዤዎታለሁ፣ ዝም ይበሉ።»

የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ሰረዝሁት።

«ስለሰረዝሽው ይቀርልሻል?» አለኝ።

«አይቀርልኝም። ግን ውሸት ነው።»

ሁለተኛው እውነት ነበር፤ ተውሁት። ሦስተኛው ሐሰት ነው። ብረቱ መቼ ውኃ እንደሚፈልግ በቀለሙ ለይተው ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በዕድሜዬ ተማሪ የጻፈውን ስሕተት ሳላርም አልፌ አላውቅም። ያን ግን ሳልነካ ፈረምሁበት። መርማሪው ስርዙን አየና ወረቀቱን አጠፈው።

ሽማግሌው ሲወጡ አጠገቤ ቆም አሉ።

«ምነው ነገርሽው፣ ልጄ? ትንሽ ቢለበልበው ምን ነበር?»

«ጣቱማ ምን አደረገኝ፣ አባባ።»

ሳቁ። ሳቁ ሳል ሆነ፤ ሳሉ በሩን አልፎ ወደ መንገዱ ራቀ። ክፍሌ ስመለስ በቆርቆሮው ማዶ ጸጥ ብሏል። ጧት የተመኘሁት ጸጥታ ነው፤ ተቀምጬ ሰማሁት።

ከአምስት ወር በኋላ ክስ ሳይመሠረትብኝ ለቀቁኝ። ማሽኑ አልተመለሰም። እሳቸው ወደ ወናፋቸው ተመልሰው ሁለት ክረምት ሠሩበትና ዐረፉ። ያን ጧት የተመኘሁትን አልነገርኋቸውም። ብነግራቸው ምናልባት ይስቁ ነበር፤ ስለማላውቅ አልጽፈውም።

አሁንም አስተምራለሁ። ብረት በኤሌክትሪክ የማጋል ትምህርት ሲደርስ መጀመሪያ ሰሌዳው ላይ የምጽፈው የቀለበትንና የሰዓትን ነገር ነው። ተማሪዎቹ ይሳሳቃሉ፤ አንዷ ባለፈው «መምህር፣ ዛሬ ጌጣችንን ልትሰበስቢ ነው?» አለችኝ። እጃቸውን አንድ በአንድ አያለሁ። ዝም ያልሁባት ያች አንዲት ትንፋሽ ትመጣብኛለች። ሁሉም ባዶ እጁን እስኪያሳየኝ ድረስ ማብሪያውን አልነካም።