በየኔታ ደጅ የተተከለ ቤት

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጎረቤቴ የፍየል ቆዳ ከውኃ አውጥቶ በአጥሩ ጥግ ሲወጥር፣ ነፋሱ ሽታውን ይዞ ገባና እንዝርቴን ከእጄ አስጣለኝ። የራሰ ቆዳ ሽታ ሰውን አፍንጫ ያስይዛል። እኔ ግን አልያዝኩም። ካረጀሁ ወዲህ ብዙ ነገር ይጠፋብኛል፤ የልጅ ልጆቼን ስም እንኳ እያቀያየርኩ እጠራና ይስቁብኛል። ያ ሽታ ሲመጣ ግን ገደል አፋፍ ላይ የነበረችው ጠባቧ ቤታችን ከነጭጋጓ፣ ከነጭሷ፣ ከነአባቴ ሳል ተመልሳ ትመጣለች። ቤቷ የነበረችበት ቦታ አሁን ከተቀመጥኩበት ብዙም አይርቅም፤ ከደጄ ወጥቼ ሽቅብ ብመለከት አየዋለሁ።

እኔና ታላቅ ወንድሜ ተክሌ የተወለድነው ለሚ ነው። አባቴ ቄስ ወልደ ሐና በሰበካው ቤተ ክርስቲያን ይቀድሱ ነበር፤ በዚያም አገልግሎት የሚያርሷት መሬት ነበረቻቸው። አገሩ ሜዳ ነው። ልጅ ከደጅ ከወጣ እስኪደክመው ሮጦ፣ ዞር ሲል ቤቱን እዚያው ያየዋል። ተክሌ ፊደሉንም ዳዊቱንም ከአባቴ ተምሮ ጨርሶ ነበር፤ ከዚያ በላይ አባቴ የሚሰጡት አልነበራቸውም። ድጓ ሳይማሩ መቅረታቸው እድሜ ልካቸውን ያንገበግባቸው ነበር። በበዓል ቀን ሌሎች በማኅሌት ሲያሸበሽቡ እሳቸው መቋሚያቸውን ተደግፈው ከንፈራቸውን ብቻ ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ይህን ከእናቴ በቀር ያወቀባቸው አልነበረም።

በዚያን ጊዜ ድጓ ሊማር የሚሻ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቦ፣ እየለመነና ውሻ እየነከሰው መምህር ፍለጋ ይሰደድ ነበር። እናቴ ይመኙሻል ግን ይህን አልሰማም አለች። ታናሽ ወንድሟ እንደዚያ ወጥቶ ነበር፤ ሞተ የሚልም ኖረ የሚልም ሰው ሳይመጣ ቀርቷል።

«ወንድሜን ለትምህርት ሰጥቼ አጥንቱን እንኳ አላገኘሁም» አለች። «ልጄን የሚያስተምር ካለ፣ እኔ ባለሁበት ያስተምር።»

እንግዲህ አባቴ ትምህርት ቤት ሊመርጡ ወጡ። መጀመሪያ ወደ ደነባ በኩል ሄዱ። መምህሩ አዋቂ ነው፤ ተማሪዎቹ ግን ቀኑን ሙሉ እርሻው ላይ አረም ሲነቅሉ አገኟቸው። «ልጄ አረም መንቀል እዚሁም ይችላል» ብለው ተመለሱ። ከዚያ ደብረ ብርሃን ወረዱ። የዚያኛው መምህር ድምፅ ያስለቅሳል፤ ዳሩ ግን ዛሬ ተዝካር፣ ነገ ክርስትና እያለ ወንበሩ ላይ አይገኝም። በመጨረሻ አንኮበር ደረሱና ለማንም ሳይናገሩ ከቅጥሩ ውጭ ተቀምጠው ሲያዳምጡ ዋሉ። የኔታ ዓይነ ስውር ነበሩ። ያ ሁሉ ተማሪ በአንድነት ሲያዜም፣ የኔታ ድንገት እጃቸውን አንሥተው «ከጥዱ ሥር ያለኸው፣ ተመለስ፤ እሷን ዘለልካት» አሉ። አባቴ ይህን ተመልሰው ነገሩን።

«ሰውየው አያዩም፤ ግን አንዲት ቃል አታመልጣቸውም» አሉ።

«እንግዲያው ሁላችንም እንሄዳለን» አለች እናቴ።

አባቴ ሳቁ። እሷ እንዳልሳቀች ሲያዩ ሳቃቸውን አቋረጡ።

ሰበካው አገልግሎቱንም መሬቱንም ለሌላ ቄስ ሰጠ፤ እኛ ዕቃችንን በአህያ ጭነን ገና ከመንደሩ ሳንወጣ አዲሱ ቄስ በሬዎቹን ጠምዶ አየሁት። ደብረ ብርሃን ብርዱ ሲቀጣን አድሮ በማግሥቱ ስንጓዝ ጭጋግ ዋጠን። አህያዋን ከኋላ ስከተል ጅራቷ ብቻ ይታየኝ ነበር። ሽቅብ ወጥተን፣ ቁልቁል ወርደን፣ ደግሞ ሽቅብ ወጥተን አባቴ «ደረስን» ሲሉ፣ «ሜዳው የት ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። አህያዋን ማራገፍ ጀመሩ።

ቤታችን ከተማሪዎቹ ጎጆዎች መካከል የነበረች፣ በልመና የተገኘች ቤት ናት። ከኋላዋ ገደል፣ ከፊቷ የየኔታ ቅጥር ነበር። ከተማሪው ሁሉ ከነእናት ከነአባቱ የመጣ ተክሌ ብቻ ስለ ነበር ጓደኞቹ «ባለ ቤተሰቡ» ይሉት ጀመር። እናቴ ደግሞ ደጃፏ ላይ የቆመ ተማሪ ሁሉ ወንድሟን እየመሰላት እየሰጠች፣ ከለሚ ያመጣነው ባቄላ ገና ክረምቱ ሳይገባ አለቀ። አባቴ በደብሩ አገልግሎት አገኛለሁ ብለው ነበር፤ አንኮበር በዚያን ጊዜ የንጉሥ ከተማ ነውና ቄሱ ከምእመኑ የሚበዛ ይመስል ነበር። ቦታ ጠፋ። ስለዚህ ቀዳሹ አባቴ ለጸሐፊዎች ብራና የሚሆን ቆዳ መፋቅ ያዙ። ቆዳው ይነከራል፣ በእንጨት ላይ ይወጠራል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ይፋቃል። ዝናብ በሆነ ጊዜ የተወጠረው ሁሉ ወደ ቤት ይገባና እኛ መፈናፈኛ እናጣለን። እኔ ከአንዱ ቆዳ ሥር ተጠቅልዬ እተኛ ነበር፤ በእሳቱ ብርሃን ቆዳው ሲያበራ ደም ሥሩ ይታየኝ ነበር።

ጭጋግ በወረደ ቀን እናቴ ገደሉን ፈርታ የቀሚሴን ጫፍ ከምሰሶው ጋር ታስረው ነበር። እንደ ጥጃ። መጀመሪያ አለቅስ ነበር፤ ኋላ ቋጠሮውን መፍታት ተማርኩ። ፈትቼ ደጃፉ ድረስ እወጣለሁ፤ ምንም የሚታይ ነገር ስለሌለ ተመልሼ ራሴን አስራለሁ።

ከእኔ ይልቅ የታሰረው ግን ተክሌ ነበር። የእኛ ቤት ግድግዳ የየኔታን ዜማ ያሳልፋል። ተክሌ ተራው ደርሶ ሲያዜም እናቴ እንዝርቷን ታቆማለች፣ አባቴም መፋቂያቸውን። ልጁ ከተሳካለት ሁለቱም ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ከተሳሳተ እናቴ መሬት መሬት ታያለች፣ አባቴ ይስላሉ፤ ማንም ምንም አይለውም፤ ማታ ግን ከሁላችን የተሻለው ፍትፍት ወደ እሱ ይገፋል። ያ ፍትፍት ከዱላ ይብስ ነበር።

አንድ ቀን ውኃ ልንቀዳ ምንጭ ስንወርድ እንስራውን ከትከሻዬ ተቀበለኝና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«አጸደ፣ ሌሎቹ እኮ ሲያቅታቸው መምህር ይለውጣሉ። አንድ ማለዳ ተነሥተው ይሄዳሉ።»

«አንተስ?»

«እኔማ ቤት ተሸክሜ እንዴት እሄዳለሁ?» አለ። ከዚያ እንዳላለ ሆኖ እንስራውን ሞላልኝ።

እንደዚያ እየኖርን ሳለ ቤተ መንግሥቱ ወደ እንጦጦ መዛወር ጀመረ። መጀመሪያ ድንኳኑ፣ ከዚያ መኳንንቱ፣ ከዚያ ጠጅ ጣዩና እንጨት ፈላጩ ሳይቀር በበቅሎና በእግር ያንን ዳገት ወጥቶ ሄደ። ካህናቱም ተከተሉ። በመጨረሻ የኔታ ተጠሩ። ነገሩ በተሰማ ማለዳ ተማሪዎቹ ደበሎአቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ጎጆአቸውን ክፍቱን ትተው ተሰለፉ። ለእነሱ ይኸው ነው፤ ወንበሩ ከሄደ ተማሪው ይሄዳል። እኛ ግን ከነምጣዳችን፣ ከነቆዳችን፣ ከነአባቴ ሳል ተተክለን ቀረን። አህያዋን ጅብ ከበላት ቆይቷል። ለሚ እንዳንመለስ መሬቱ የሌላ ሰው ነው።

እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ የየኔታ እግር ላይ ወደቀች። እኔ ከኋላዋ ቆሜ ነበር።

«የኔታ፣ ቤት ነቅለን እርስዎ ደጅ የተከልን እኮ ነን። እኛን ለማን ይተዉናል?»

የኔታ ፊታቸውን ወደ ድምፅዋ አዞሩ። «ማለዳ ማለዳ የምሰማው የሚፋቅ ቆዳ የእናንተ ነው?»

«የእኛ ነው።»

«እኔ ብራና ሊሸጥ የተቀመጠ ሰው መስሎኝ» አሉ። «ልጄ፣ ለእኔ ብሎ ቤት የተከለ ሰው መኖሩን ማንም አልነገረኝም። ብሰማ ኖሮ በመጣችሁበት ቀን እመልሳችሁ ነበር። ዕውቀት እንደሆነ አንድ ቦታ ቁጭ አይልም። ልጁን ልቀቂው።»

ለቀቀችው። ሌላ ምን ታደርጋለች? ያን ሁሉ ስንከራተት የኖርነው ተክሌ አኩፋዳ አንግቦ እንዳይለምን ነበር፤ አኩፋዳውን በገዛ እጇ ሰፍታ አነገተችው። አንገቷን አቅፎ አለቀሰ፤ የአባቴን ጉልበት ሳመ፤ እኔን ጉንጬን ቆንጠጥ አደረገኝ። ከዚያ ከሰልፉ ጋር ሲወጣ አየሁት። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ሲደርስ እርምጃው ተቀየረ። እየሮጠ ነበር ማለት እችላለሁ። እናቴ እንባዋ ጋርዷት አላየችም፤ እኔም አልነገርኳት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የእናቴ እጅ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ እንኳ አትራቂኝ» ትለኝ ነበር፣ ጭራሽ ርቄ በማላውቅበት። ከደብረ ብርሃን እኔን ለጋብቻ ሊጠይቅ የመጣ የደኅና ሰው ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ ተመልሷል፤ ከጣርማ በር የመጣውም ተመልሷል። ለቁልቁለቱ ጎረቤት ለኮርቻ ሰፊው ተዳርኩ፣ ከደጇ ስትጣራ የምሰማበት ቦታ። ባሌ ደግ ሰው ነበር፤ ነፍሱን ይማረውና አንድ ቀን አላስከፋኝም። አባቴ የብራና አቧራ ደረታቸው ውስጥ ገብቶ ብዙ ሳይቆዩ ዐረፉ። ከንጉሡ ጋር የሄደው ሕዝብ አልተመለሰም፤ የየኔታ ቅጥር ውስጥ ሳማ በቀለ፤ ያ ሁሉ ዜማ ይሰማበት የነበረ ግድግዳ ነፋስ ብቻ ያሳልፍ ጀመር።

ተክሌ የተመለሰው እኔ ልጆች ከወለድኩ በኋላ ነው። ጥምጥሙ፣ ጢሙ፣ ንግግሩ ሁሉ የሌላ አገር ሰው አስመስሎታል። ዓባይን ተሻግሮ፣ ቅኔውንም ድጓውንም አስመስክሮ፣ እሱም በተራው ወንበር ዘርግቶ ያስተምራል። እናቴ እጁን ይዛ ጣቶቹን አንድ በአንድ ስትዳብስ ዋለች። ማታ እራት ከበላን በኋላ እንዲህ አለ፦

«ባለፈው በጋ አንድ ሰው ከነሚስቱ ከነልጆቹ፣ አህያ ጭኖ እኔ ዘንድ መጣ። ልጄ እንዲማር እዚሁ እንቀመጣለን አለኝ።»

እናቴ እጇን ሰበሰበች። «ምን አልከው?»

«ልጁን ተውልኝ፣ አንተ ወደ አገርህ ተመለስ አልኩት።»

«እናቲቱስ?»

«አለቀሰች።»

እኔ የምትቆጣው መስሎኝ ነበር። «ደግ አደረግህ» አለችው።

በማግሥቱ እኔን ይዛ መታጠፊያው ድረስ ሸኘችው፤ አልጎተተችውም፣ እመለሳለሁ በለኝም አላለችውም። ስንመለስ የወጣነው ዳገት አድክሟት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ክንዴን እንደያዘች ፊቴን ትመለከት ጀመር፤ እንደዚያ አይታኝ የምታውቅ አይመስለኝም።

«አንቺንስ ያን ጊዜ ሂጂ ብልሽ ኖሮ» አለችኝ፣ «የት ትሄጂ ነበር?»

አልተቆጣሁባትም፣ አላዘንኩባትምም። እውነቴን ነው፣ አሰብኩ፤ ልቤን ወደ ላይም ወደ ታችም ሰደድኩት፤ መሄድ የምፈልግበት አንድም ቦታ አልመጣልኝም። መፈለጉ ራሱ መቼ እንደ ተወኝ አላውቅም።

«እንጃ» አልኳት፣ ክንዷን ደግፌ አነሣኋትና ወደ ቤት ወረድን።