በችኮላ የተተከለ ወሰን

ጋቾኒ ያን ሳምንት አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቷት ነበር። ሻይ ቅጠል ስትለቅም እጇ ይሠራል፣ ዓይኗ ግን ቁልቁል ጉራ በሚባለው ወንዝ ዳር ያለችው ቁራሽ ጫካና ሣር ላይ ነው። ከባሏ ቤት ከወጣች ስድስት ዓመቷ ነው፤ የወንድሟ ጓሮ ነው የምትኖረው። እሱም "ላምሽ አጥሬን ጨረሰችው እኮ" ማለት ከጀመረ ሰንብቷል።

ሽማግሌው ንዴሪቱ ያቺን ቁራሽ ሊሸጡላት ተስማምተዋል። የቀረው ሐሙስ ዕለት ሚስታቸው ማማ ንጆኪ የመሬት ሸንጎው ፊት ቀርበው "ፈቅጃለሁ" ማለታቸው ነው። ሚስት ካልፈቀደች መሬት አይሸጥም።

ማክሰኞ ከለቀማ ስትመለስ አላስቻላትም። ከጎረቤት ኢቶካ ለመነች፤ ሥሩ ሽንኩርት የሚመስለውን የወሰን አበባ ማለት ነው። ለዓይን ያዝ ሲያደርግ ወርዳ ከሣሩ ዳር እስከ ዛፎቹ ድረስ ደርድራ ተከለችው። ኢቶካ የሚተከለው ሽማግሌ ባለበት፣ ሻጭና ገዢ እያዩ ነው። ከተተከለ ወዲያ የነቀለው ሰው ቤቱ አይቆምለትም ይባላል። ይህን ሕፃንም ያውቀዋል። እሷ ግን መሬቷ ምን ያህል እንደሆነች ልያት ብላ ነው።

ረቡዕ ጠዋት ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ማማ ንጆኪ የእንጨት ሸክማቸውን በግንባራቸው ጠፍር ጀርባቸው ላይ አንጠልጥለው መስመሩ ላይ ቆመዋል።

"ማነው የሞተው?" አሉ።

"ምነው እማማ?"

"መሬቴን ተካፈላችሁት አይደል? የሞተ ሰው ርስት እንኳ ለቅሶው እስኪወጣ ይጠበቃል።"

"ቸኩዬ ነው። እንቅልፍ አጥቼ።"

"እና እኔም እንቅልፍ ልጣ? ውሃ የምወርድበትን መንገድ ጠቅልለሽ ወስደሽዋል። እይው።"

አየችው። እውነት ነው፤ የእግር መንገዱ ከሷ በኩል ገብቷል። ማታ በጨለማው አላስተዋለችውም።

"ነገ ሲጠይቁኝ ምን ልበል?"

ብትነቅለው እርግማን፣ ብትተወው መሬቱ ይቀራል። ተንበረከከችና በጥፍሯ መጫር ጀመረች።

"አትፈሪም?" አሉ ማማ ንጆኪ።

"እፈራለሁ።"

አሮጊቷ እስከ መጨረሻዋ ሥር ድረስ ቆመው አዩዋት። "ሽማግሌ ያላየው ወሰን አይደለም፣ ሽንኩርት ነው" አሉና ሰብስበው ክንዳቸው ላይ ባንጠለጠሉት ቅርጫት ከተቱት። እፈቅዳለሁ አላሉም፤ አልፈቅድምም አላሉም። ሄዱ።

ሐሙስ ሸንጎው ፊት ጋቾኒ አሥሬ እየተነሳች ተቀመጠች።

"መሬቱ እንደሚሸጥ ያውቃሉ?" አላቸው ሰብሳቢው ማማ ንጆኪን።

"አውቃለሁ። ከባሌ ቀድማ እሷ ናት ያሳወቀችኝ።"

ሰው ሳቀ። ጋቾኒ አልሳቀችም።

"ፈቅደዋል?"

ማማ ንጆኪ ዘወር ብለው አፈር የገባበትን የጋቾኒን ጥፍር አዩት። "ፈቅጃለሁ። መንገዴ ግን የኔ ሆኖ ይቅር፤ ይጻፍልኝ።"

ተጻፈ። ሁለቱም ሽማግሌዎቹን አስከትለው፣ ሥሩን በቅርጫት ይዘው ወሰኑን በደንቡ ሊተክሉ ቁልቁለቱን ወረዱ።

"ቀስ በይ፣ መሬቱ የትም አይሄድም" አሉ ማማ ንጆኪ ከኋላ።

ጋቾኒ ቀስ አለች። ትንሽ ቆይታ ግን እንደገና ቀድማቸው ነበር።