ዘር የሌላቸው ጥንዶች

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... ከደባርቅ እስከ ዳባት ጮክ ብሎ በማንበብ የሚስተካከለኝ ሰው እንደሌለ አስመሰከርኩ። እሺ፣ ዳባት ይቅር፤ ደባርቅ ይበቃል። እሺ... ማታ ትምህርት የኋላ ወንበር ላይ ከምንቀመጠው ከአራታችን እኔ እበልጣለሁ። ይህንን ማንም አይክደኝም።

ሥራዬ የአዳራሽ ጥበቃ ነው። የዚያን ቀን የሴቶች ጥንድ የጠረጴዛ ቴኒስ ውድድር ነበር፤ ሁለት ሁለት ሆነው የሚገጥሙበት። የእኔ ትልቁ ኃላፊነት በሩን ከውስጥ መቆለፍ ነው። የደባርቅን ነፋስ የምታውቁት ታውቁታላችሁ... በሩ ገርበብ ካለ ያቺ ቀላል ኳስ ተጫዋች አያሻትም፣ ብቻዋን ትጫወታለች።

የስፖርቱ መምህር የድልድሉን ወረቀት ይዞ እንደገባ ስልኩ ጠራ። «አያ ደሴ፣ ማንበብ ቻልኩ ስትል አልነበር? እስክመለስ አንብብላቸው» አለኝ። አስወጣሁት፣ ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ። ከዚያ እንደ ዳኛ ተጎማልዬ መድረኩ ላይ ወጣሁ።

ጣቴን ፊደሉ ላይ አድርጌ ጀመርኩ። «ዘር ያላቸው ጥንዶች...» ከዳባት አንድ፣ ከደባርቅ አንድ ጥንድ በየስማቸው ጠራሁ። ተጨበጨበ። ለእኔ የተጨበጨበ መሰለኝና ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

«ዘር የሌላቸው ጥንዶች... የሺ እና ዝና።»

የሚያጨበጭብ ጠፋ። ያልሰሙኝ መስሎኝ ደገምኩት። እንዲያውም ሁለተኛው ላይ አልተንተባተብኩም።

ለማታውቁ... የሺ ካገባች ሰባት ዓመቷ ነው፣ ልጅ አልወለደችም። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፣ ፊቷ ግን ማንም አያነሳውም። አማቷ እትዬ አለሚቱ ደግሞ «ምራቴ ሱሪ ለብሳ ስትዘል አላይም» ሲሉ ከርመው፣ ስንት ተለምነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሊያዩዋት የመጡት የዚያኑ ዕለት ነው። ፊት ወንበር ላይ።

መጀመሪያ የተነሳችው ጥንዷ ዝና ናት። «አንተዬ፣ እኔ የሦስት ልጅ እናት ነኝ። የማንን ዘር ነው የምትቆጥረው?»

ከኋላ አንድ ጎረምሳ «ደግሞ ስፖርቱም ውስጥ ዘር ገባ?» አለ። ጉምጉምታው ተነሣ።

እትዬ አለሚቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ብድግ አሉ። «ነይ የሺ፣ ቤታችን እንሂድ። የተሰደበችበት ቦታ ምራቴ አትጫወትም።» በሩ ድረስ ሄዱና ወደ እኔ ዞሩ። «ክፈት።»

ያኔ ነው የገባኝ። ብከፍት የሺ ትወጣለች፤ ከወጣች ደግሞ ያንን ራኬት ዳግም አትጨብጠውም። ባልከፍት ያ ሁሉ ሰው ባለበት በገዛ ቁልፌ ተቆልፌያለሁ። «ተሳስቼ አንብቤ ነው» ብል የስንት ወር ፊደሌ ገደል ገባ። «በትክክል ነው ያነበብኩት» ብል ስድቡን አጸናሁት። ወረቀቱን ድጋሚ አየሁት። ዘ... ር...። ያው ነው። ምን ማለት እንደሆነ ደግሞ ማታ ትምህርት ገና አልደረስንበትም።

የሺ ራኬቷን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እንግዲህ ጉሮሮዬን ጠራርጌ «እትዬ፣ የዘር ገብስ ከየት ነው የምናመጣው?» አልኩ።

«ከአምናው ነዋ» አሉ ከበሩ ሳይርቁ።

«አምና ጥሩ የሰጠውን መርጠን አይደል? እዚህም ዘር የሚሏቸው አምና አሸንፈው ነጥብ የያዙትን ነው። ዝና አምና ፍጻሜ ደርሳለች፣ ግን ከሌላ ሴት ጋር። የሺ አምና አልነበረችም። የጥንድ ደረጃ ደግሞ የሁለቱ ነጥብ ተደምሮ ነው። የሺ ገና ዜሮ ናት፣ አልሞላላቸውም።»

«ታዲያ ለይቶ መጻፉ ምን ይባላል?»

«ዘርን አንድ ቦታ ይደፉታል እትዬ? ይበትኑታል እንጂ። ጠንካሮቹ ገና በመጀመሪያው ጨዋታ እርስ በርስ እንዳይጠፋፉ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች ያስቀምጧቸዋል፤ ካሸነፉ መጨረሻ ላይ ይገናኛሉ። የቀረው በመሃል በዕጣ ይገባል።»

እትዬ አለሚቱ ከበሩ አንድ እርምጃ ራቁ። «ስለ ቤታችን አይደለማ?»

«ስለ ራኬት ነው።»

ተመልሰው ተቀመጡ። እኔም አብሬ ተቀመጥኩ።

ዕጣው የሺንና ዝናን ከማን ጋር ቢያገናኛቸው ጥሩ ነው? ከአንደኞቹ፣ ከዳባቶቹ ጋር። ከጨዋታው አንዱን ዙር ነጠቋቸው፤ በመጨረሻው ግን ተሸነፉ። እትዬ አለሚቱ በመሃል ወንበራቸው ላይ መቀመጥ አቅቷቸው «በግራዋ በኩል ስጫት» እያሉ ምክር ይሰጡ ነበር። ሲወጡ በሩን ከፈትኩላቸው፣ አጠገቤ ቆም አሉ።

«ደሴ፣ ለከርሞ ከላይኞቹ ጋር ጻፋት።»

መምህሩ ተመልሶ ሲሰማ ሳቀ። ፈረንጆቹ «ሲድ» የሚሉትን ቃል በቃል ወደ አማርኛ ገልብጦት ኖሯል። «ማነው እንዲህ አድርጎ ያስረዳቸው?» አለ። እጄን አወጣሁ።

እስካሁን የነገርኳችሁ ሁሉ እውነት ነው፣ አንዷን ነገር ብቻ ቀይሬያለሁ... የገብሱን ነገር የተናገርኩት እኔ አይደለሁም። የሺ ናት። ድልድል እንዴት እንደሚወጣ መምህሩ ልምምድ ላይ ነግሯቸው ነበር፤ ገብሱን ግን ከራሷ ነው ያመጣችው። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ በአማቷ ፊት፣ ያቺን ቃል በገዛ አፏ አንስታ። «ስለ ራኬት ነው» ያለችውም እሷ ናት። እኔ ያን ጊዜ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴን እየዳበስኩ ነበር።

ቁልፉ እኔ ኪስ እያለ፣ በሩን የከፈተችልኝ እሷ ናት።