በሩዝ መጋዘን የተነበበው ወረቀት

ሲይዙኝ ወረታ፣ እህቴ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ የጫማዬን ጭቃ እየፋቅሁ ነበር። ሁለት ፖሊሶች መጡ። አንደኛው እዚያው ወረታ አብሮኝ የተማረ ሰው ታናሽ ወንድም ነው። ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ ለጥያቄ እንደምፈለግ ነገረኝ። ሁለተኛውን ጫማ ፍቄ እስክጨርስ ቆሞ ጠበቀኝ። ይህን ደግነቱን እስከ ዛሬ አልረሳሁለትም፤ በንጹሕ ጫማ ነው የታሰርሁት።

ያስገቡኝ ክፍል ቀድሞ የሩዝ መጋዘን ነበር። መስኮት የለውም። ብርሃን የሚገባው በግድግዳውና በቆርቆሮው መካከል ባለች አንድ ክንድ በምታህል ክፍተት ነው። የሩዝ ገለፈት በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ ቀርቶ ኖሮ፣ ሰው በተነሣ በተቀመጠ ቁጥር አቧራው ብድግ ይልና አንገት ያሳክካል። ከመንገዱ ማዶ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮ ቀኑን ሙሉ ይጮኻል። ሃያ ዓመት ሞተር ሲያዳምጥ የኖረ ጆሮ አርፎ መቀመጥ አይችልምና፣ በመጀመሪያዋ ሰዓት ያወቅሁት ነገር ቢኖር የወፍጮው ሞተር መታመሙን ነው።

ውስጥ ሁለት ሰዎች አገኘሁ። አንደኛው የወረታ ልብስ ነጋዴ ነው፤ ሙስሊም፣ ጨዋታ አዋቂ። ማን እንደሆንሁ ሳይጠይቅ ፍራሹን በአግድም አዙሮ እኩሌታውን ሰጠኝ። ሁለተኛው ሰባ ዓመት የሚሆናቸው የፎገራ ገበሬ ናቸው። በቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነሥተው ማዳበሪያው መቼ እንደሚመጣ ጠየቁ። መልስ ሲያጡ በሁለተኛው ስብሰባም ጠየቁ። በሦስተኛው ተያዙ።

የእኔ ነገር ትንሽ ይረዝማል። ትንንሽ ከተሞችን የሚያገናኝ የአንድ የግል አየር መንገድ አብራሪ ነበርሁ፤ የአብራሪዎቹ ማኅበር ሊቀመንበርም እኔው። በሙያችን አንድ የተከበረ ነገር አለ። አብራሪ «ደክሞኛል» ካለ ያን ቀን አይበርም፤ ለምን ተብሎም አይጠየቅም። ኩባንያው በዚያ ዓመት የእረፍት ሰዓታችንን አሳጠረ። ደክሞኛል ያለውን ሰው ደግሞ ከዕድገት ያስቀር ጀመር። እኔ ደብዳቤ እንጻፍ አልሁ። ምክትሌ፣ ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ረዳት አብራሪ፣ ደብዳቤ አይበቃም አለች። በአባላቱ ሁሉ ፊት ተነሥታም፣ «ካፒቴን፣ የእርስዎ ደብዳቤ መልስ እስኪያገኝ አንዳችን ተራራ ላይ እንቀራለን» አለችኝ። ሰው ሳቀ። አኮረፍሁ። እውነቱን ለመናገር ከእሷ ይልቅ ያናደዱኝ የሳቁት ናቸው። ፈቃድ ጠይቄ ወረታ፣ እህቴ ዘንድ መጣሁ።

በመጣሁ በሦስተኛው ቀን ተረኛ የነበሩት አብራሪዎች በሙሉ ደክሞኛል አሉ። አውሮፕላኖቹ ቆሙ። ነገሩ ጠዋት አድማ ተባለ፤ በማግስቱ የኢኮኖሚ አሻጥር ሆነ። ምክትሌን አዲስ አበባ ላይ ያዟት፤ እኔን ወረታ ላይ።

በአምስተኛው ቀን ከሩቅ የመጣ መርማሪ አስጠራኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወንበር ሰጠኝ፣ የታሸገ ውኃ ከፈተልኝ። ከዚያ በእኔ ስም በኮምፒዩተር የተጻፈ አንድ ገጽ ወረቀት ከነእስክሪብቶው ፊቴ አስቀመጠ። ከፈረምሁ ዛሬውኑ እህቴ ቤት እገባለሁ፤ የመብረር ፈቃዴም አይነካም። ካልፈረምሁ ግን ክሱ ሁለታችንም ላይ ይሆናል። ብፈርም እሷ ላይ ብቻ። «ይዘውት ይግቡና ያስቡበት፤ ከምሳ በኋላ እመለሳለሁ» አለኝ።

አልዋሽም፤ ልፈርም ነበር። ወረቀቱ ምክትሌ እኔ በሌለሁበት አባላቱን ሰብስባ፣ ደክሞኛል በሉ ብላ አዛለች ይላል፤ እኔም አመንሁት። እንዲያ ያለ ነገር የምታደርግ ልጅ ናት ብዬ ስለማስብ አመንሁት። ሳቁም ገና ከጆሮዬ አልወጣም ነበር።

ክፍሉ ስገባ የሽማግሌው ምራት ምሳ አድርሳ ሄዳለች። ሩዝ የተቀላቀለበት ነጭ እንጀራ በሽሮ። ቁርሴን አልበላሁም ነበርና እጄን ሰደድሁ። ሽማግሌው ግን የሚያዩት ወረቀቱን ነበር። ምን እንደሚል ጠየቁኝ። የሥራ ጉዳይ ነው ብዬ ላዘናጋቸው ሞከርሁ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርሁም» አሉኝ። «አንብብልኝ።»

እምቢ ለማለት አፈርሁ። ምሳቸውን እየበላሁ ነው። ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጌ ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርሁ፤ ያኔ ነው የሥራ ልማዴ የያዘኝ። እኛ ከመነሣታችንና ከማረፋችን በፊት ቼክሊስት እናነባለን። አንዱ አንድ መስመር ያነብና ዝም ይላል፤ ሌላው በዓይኑ አይቶ፣ በእጁ ነክቶ ይመልሳል። መልስ ሳይመጣ ወደሚቀጥለው መስመር አይታለፍም። ሃያ ዓመት እንዲህ ያነበበ ምላስ ሌላ ንባብ አያውቅም። የመጀመሪያውን መስመር ጨርሼ ዝም አልሁ።

ሽማግሌው ዝምታዬን መልስ እንደመጠበቅ ቆጠሩት።

«ሊቀመንበር ነህ?»

«ነኝ።»

ሁለተኛው መስመር ነገሩ ሲሆን ወረታ እንደነበርሁ ይናገራል። ነጋዴው ከፍራሹ ላይ ሆኖ፣ ለዚህስ እኔም እመሰክራለሁ ብሎ ሳቀ። ሦስተኛውን አነበብሁ። ምክትሌ አባላቱን ሰብስባ እንዳዘዘች፣ ይህንንም ከገዛ አፏ እንደሰማሁ። አሁንም ዝም አልሁ።

«ስታዝ አየሃት?»

«አላየሁም። እዚህ ነበርሁ።»

«ሰማሃት?»

«አልሰማሁም። ግን ጠባይዋን አውቀዋለሁ፣ አባባ።»

ሽማግሌው አልተቆጡም። ጋቢያቸው ላይ የተጣበቀውን ገለፈት እየለቀሙ ቆዩና ቀስ ብለው፦

«እኔም ጠባዩን የማውቀው ጎረቤት ነበረኝ። ድንበርህን ገፍቷል ብለው ወረቀት አመጡልኝ። ይኸ ሰው መቸም አይተውም፣ ገፍቶ ይሆናል አልሁና አውራ ጣቴን ቀለም ነክሬ አተምሁ። አላስነበብሁትም። ኋላ ስሰማ፣ ሲገፋ አይቻለሁ ይላል ለካ። እኔ ያየሁት የተነሣ ድንጋይ ነው እንጂ ያነሣውን እጅ አላየሁም።»

ሰውየው መሬቱን ተነጠቀ። ሁለቱ በአንድ ወንፈል ነበሩ፤ ዛሬ የአንዱን፣ ነገ የሌላውን ሩዝ በተራ አብረው ያርሙ ነበር። ከዚያ ወዲህ ያ ሰው በቀረችው ቁራጭ መሬት ሩዙን አረም ቢውጠው እንኳ እሳቸውን ጠርቶ አያውቅም። ሲጠሩትም አልመጣም። «እስኪሞት» አሉኝና አውራ ጣታቸውን አዩት።

ምን ቀረ ብለው ጠየቁኝ። አንድ መስመር ቀርቶ ነበር። አብራሪዎቹ ሳይደክማቸው በሐሰት ደክሞኛል ብለዋል ይላል።

«አልደከማቸውም ነበር?»

«ደክሟቸው ነበር። ሁላችንም ደክሞናል።»

«ታዲያ በእናንተ ዘንድ የደከመ ሰው ደክሞኛል ቢል ነውር ነው?»

«አይደለም» አልሁ። «እኔ ራሴ ነኝ ያስተማርኋቸው።»

«እሷንም?»

«እሷንም።»

አዲስ ረዳት አብራሪ በመጣ ቁጥር በመጀመሪያው ቀን የምነግረው ነገር ይኸው ነው፤ ደክሞህ ሳለ ደኅና ነኝ ካልህ ከኋላህ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ዋሽተሃል። እሷ ያን ቀን ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ስትጽፈው አይቻታለሁ። ከነገሩ ሁሉ በዓይኔ ያየሁት ይህን ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም።

ሽማግሌው እጃቸውን ጠርገው፣ «በል እንግዲህ፣ ያየኸውን ጻፍ» አሉኝ።

መርማሪው ሲመለስ ወረቀቱን ገልብጬ ሰጠሁት። ፊቱ ላይ ፊርማ የለም። ጀርባው ላይ በእጄ እንዲህ ጽፌ ነበር፤ «ምክትሌ ስታዝ አላየሁም፣ አልሰማሁም። የደከመው አብራሪ ደክሞኛል እንዲል ያስተማርሁት እኔ ነኝ። ወደፊትም አስተምራለሁ።» ከሥሩ ፈርሜበታለሁ። ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ካፒቴን፣ ይኼ እኮ ራስዎን ነው የሚጎዳው» አለኝ።

አውቃለሁ አልሁት። እስክሪብቶውን ሳላስተውል ኪሴ ከትቼው ነበር። እንድመልስለት ጠየቀኝ፤ አውጥቼ ሰጠሁት።

ሰባት ሳምንት ቆየሁ። ሽማግሌው ከእኔ ቀድመው ተፈቱ። ሲወጡ በሩ ላይ ቆም ብለው፣ በእኛ ላይ ስታልፍ አንተ መሆንህን በምን አውቃለሁ አሉኝ። ወደ ሰማይ እንደምመለስ ጥርጥር አልነበራቸውም፤ እኔ ግን ነበረኝ። ለማረፍ ስንወርድ የምናበራው ትልቅ መብራት አለ፤ ደንቡ ከተወሰነ ከፍታ በታች አብሩ ይላል እንጂ ቀደም ብሎ ማብራትን አይከለክልም። የፎገራ ሜዳ ላይ ስደርስ ቀደም ብዬ አበራዋለሁ አልኋቸው። እሳቸው ከወጡ በኋላም ምራታቸው ስንቁን አላቋረጠችም። የእህቴና የእሷ ምሳ እየተገናኘ፣ ነጋዴውና እኔ ታስረን ወፈርን።

ክሱ ሳይመሠረት ቀረ። ምክትሌም ተፈታች። ፈቃዴ እስኪመለስ ዓመት ፈጀ፤ የእረፍት ሰዓታችንም በአብዛኛው ወደ ነበረበት ተመልሷል። ዛሬ የማኅበሩ ሊቀመንበር እሷ ናት፤ እኔ ተራ አባል። አሁንም ቸኩለሻል እላታለሁ፣ እሷም ዘግይተዋል ትለኛለች። የወረቀቱንና የመብራቱን ነገር የነገርኋት አንድ ቀን ብቻ ነው። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና የሽማግሌው ማሳ በየት በኩል እንደሆነ ጠየቀችኝ። ከጣራ ገዳም በታች፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ወደ ሐይቁ በሚወስደው በኩል አልኋት።

በየነሐሴው ፈቃድ እወስድና ለአረም ወንፈል እወርዳለሁ። ውኃው እስከ ጉልበት ነው። አረሙን ትቼ ሩዙን ስነቅል ምራታቸው በሳቅ ትሞታለች። ያ አገር የታሰርሁበትም በእውነቴ የቆምሁበትም ነው፤ ስሄድ የምሄደው ለማመስገን ነው።

ዘንድሮ ሽማግሌው ማሳው ዳር ተቀምጠው ተቀበሉኝ። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ዓይናቸው ግን ደኅና ነው። ባለፈው ሳምንት ሁለት ቀን ስላበራህልኝ እግዜር ይስጥልኝ አሉኝ።

«ባለፈው ሳምንት አልበረርሁም፣ አባባ። እህቴ ቤት ነበርሁ።»

«እንግዲያ ማነው?»

የመብራቱን ነገር ከአብራሪዎች የሰማችው አንዲት ብቻ ናት። አብሪ ሳልላት ነው ያደረገችው።

«ያቺ ልጅ ናት» አልኋቸው።

ሽማግሌው ጭቃ የነካ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው ወደ ሰማዩ አዩ። ምንም አልነበረም፤ ደመና ብቻ።

«ሽማግሌው አይቶታል በላት» አሉኝ። «በዓይኑ አይቶታል በላት።»